ካሜራውን የሸጠው ባለቅኔና የኮከቦቹ ምሽት

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም መጻፍ ትቶ በሐረር በቡና ንግድ በተሰማራበት ዘመን ከአገሩ ካሜራ አስመጥቶ ነበር። እአአ በ1883 ራሱን ፎቶ አንስቶ ለእናቱ ላከ፤ ምስሎቹ ግን በታጠቡበት መጥፎ ውሃ ሳቢያ ነጥተው ነበር። በ1885 መሣሪያውን ሸጠው። አልከሰረበትም፤ ቢሆንም ቆጭቶታል።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊያደርስ ታጁራ ወረደ። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ዛሬ ራስ ዲካ ባለበት ዳርቻ፣ የጅቡቲ ከተማ ገና አልተቆረቆረችም። በዚያ ሰሞን፣ ኅዳር 27 ምሽት፣ ቢየላ ከተባለችው የተሰባበረች ጅራታም ኮከብ የቀረ ብናኝ ወደ ምድር አየር ገብቶ ሺህ በሺህ ሆኖ ነደደ። ፕራግ ላይ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ላዲስላውስ ዋይኔክ አንዱን ተወርዋሪ ኮከብ በመስታወት ሰሌዳ ቀረጸ። ከዚያ በፊት ተወርዋሪ ኮከብ በፎቶግራፍ ተይዞ አያውቅም ነበር።

ራምቦን ታጁራ አንድ ዓመት ገደማ አቆየችው። በ1887 ጠመንጃውን እንጦጦ ላይ በርካሽ አስረከበ፤ በ1891 በ37 ዓመቱ ማርሴይ ውስጥ አረፈ። ሐረር ላይ ያነሳቸው ጥቂት ምስሎች፣ ደብዝዘውም ቢሆን፣ እስካሁን አሉ።