አባ መላ እና የዳኛ ጠባይ

ከአምቦ ተነሥቶ ወንጪን በማለፍ ወደ ወሊሶ የሚወርድ መንገደኛ የጨቦን አገር ያገኛል። ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ራሱን የቻለ ዞን ከመሆኑ በፊት ይህ አገር ከአምቦ ጋር በምዕራብ ሸዋ ሥር ይተዳደር ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የተገኙት ከዚሁ ነው። በለጋ ዕድሜያቸው በምኒልክ ጦር ተማርከው ወደ ቤተ መንግሥት ገቡ። በብልህነታቸውና በታማኝነታቸው ከማዕረግ ወደ ማዕረግ እያለፉ ሄደው፣ ፊታውራሪ ገበየሁ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከወደቁ በኋላ ቦታቸውን ወረሱ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙም የጦር ሚኒስትር ሆኑ።

ሕዝቡ ግን አባ መላ እያለ ይበልጡን የሚያስታውሳቸው በዳኝነታቸው ነው። አንድ ሰው ከዛፍ ላይ ወድቆ ከሥር የነበረውን ሰው ቢገድል፣ የሟች ወገኖች ደም ካልመለስን ብለው ቀረቡ ይባላል። ፊታውራሪም ከከሳሾቹ አንዱ ዛፉ ላይ ወጥቶ በገዳዩ ላይ በመውደቅ ደሙን እንዲመልስ ፈረዱ። ከሳሾቹ በቀላቸው ወዴት እንደሚያደርሳቸው ተመልክተው ተመለሱ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል።

በዚያ ዘመን ዳኝነት ከሹመት ጋር የተሳሰረ ነበር። ተሟጋቾች በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ ሲወራረዱ የተረታው ወገን ውርርድ ለዳኛው ገቢ ይሆናል፤ እጅ መንሻውም በዚያው ላይ ይጨመራል። ፍትሐ ነገሥት ከዳኛ ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን መልካም ጠባይንም ቢጠይቅም፣ ከባለጉዳይ ጋር ጠጅ ሲጠጣ አምሽቶ በማግሥቱ ችሎት የሚቀመጠውን ሹም በሥነ ምግባር የሚጠይቅ ራሱን የቻለ አካል አልነበረም። የተበደለ ሰው ተስፋው ይግባኝ ነበር፤ ይኸውም ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ከዙፋን ችሎት ይደርሳል።

የአባ መላ ታላቅነትም፣ የዘመኑም ጉድለት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እርሳቸው የጦር አዛዥ፣ የሰፊ ርስት ጌታና ዳኛ ነበሩ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱና በሰገሌ ጦርነት ጊዜ የመንግሥቱ ምሰሶ ሆነው ቆመዋል። እንዲህ ያለ ሰው ቢሳሳት ማን ይገሥጸው ነበር? የፍርዱ ዋስትና የሰውየው ጠባይ ብቻ ነበር፤ ጠባይ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ፊታውራሪም ታኅሣሥ 3 ቀን 1919 ዓ.ም. አረፉ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79 ይህን ክፍተት ለመድፈን ደንግጓል። ዳኛ የዲሲፕሊን ሕግን ቢጥስ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ መርምሮ ይወስናል፤ ከሥራ የሚሰናበተውም ውሳኔውን የፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወይም የክልሉ ምክር ቤት ሲያጸድቀው ነው። እንዲህ በመሆኑ ዳኛው ያላግባብ ከመባረር፣ ባለጉዳዩም ከዳኛው ብልግና ይጠበቃሉ። በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ ዳኛና ባለጉዳይ በአንድ ጎዳና ይመላለሳሉ፤ ማታ ሲንገዳገድ የታየ ዳኛ ጧት የሚሰጠው ፍርድ ትክክል እንኳ ቢሆን አመኔታ ያጣል። የአባ መላን ብልሃት ከሁሉም ዳኛ መጠበቅ አይቻልም፤ ራስን መግዛትን ግን ከሁሉም መጠየቅ ይገባል።