ድሜጥሮስ ዘእስክንድርያ እና የዐቢይ ቀመር ቁጥር

ባሕረ ሐሳብ ሲነሣ የድሜጥሮስ ስም አብሮ ይነሣል። በአዊ ዞን፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጽዋማትንና በዓላትን የምታውጀው በእርሱ ስም በሚጠራው ስሌት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የድሜጥሮስን ሕይወትና ከስሙ ጋር የተቆራኘውን ቁጥር ጠባይ አብሮ ይመረምራል።

በስንክሳሩ ትረካ መሠረት ድሜጥሮስ ወይን የሚያለማ፣ ትምህርት ያልቀሰመ ባለትዳር ገበሬ ነበር። ያለወቅቱ ያፈራ የወይን ዘለላ ይዞ ወደ ሊቀ ጳጳሳት ዩልያኖስ በሄደ ጊዜ ለመንበሩ ተመረጠ፤ ከሚስቱ ጋር በድንግልና መኖሩን ሕዝቡ ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ189 የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ተሾመ፤ 43 ዓመታት ያህልም በመንበሩ ቆየ። ወጣቱን ኦሪጀን በትምህርት ቤቱ ላይ የሾመውም፣ በኋላ ያወገዘውም እርሱ ነው። ዕረፍቱ ጥቅምት 12 ይታሰባል።

ትውፊቱ እንደሚያስረዳው፣ አጽዋማትና በዓላት ከተወሰነላቸው ዕለት እንዳይወጡ ሲመኝ መልአክ ተገልጦ ከሌሊቱ 23፣ ከመዓልቱ 7 ሱባኤ እንዲይዝ ነገረው። 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህም ጥንተ አበቅቴ ነው። 7 በ7 ሲባዛ 49 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይህም ጥንተ መጥቅዕ ነው። የሁለቱ ድምር 30 ነው።

የስሌቱ ጣሪያ 532 ዓመት የሚፈጀው ዐቢይ ቀመር ነው። 4 የዘመነ ወንጌላውያን፣ 7 የዕለታት፣ 19 የንዑስ ቀመር ቁጥር ነው፤ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ራሱ ብዜታቸው፣ 532 ነው። ዘመኑ በቀን ሲቆጠር 194,313 ይሆናል። ይህ ቁጥር የአራት ልዩ ልዩ ብቸኛ ቁጥሮች፣ የ3፣ የ7፣ የ19 እና የ487 ብዜት ነው፤ 16 አካፋዮች አሉት። ለ7 ስለሚካፈል 27,759 ሙሉ ሳምንታት ይወጡታል፤ ዙሩ ሲያበቃ ዕለቱ ወደ ጥንቱ የሚመለሰውም ስለዚህ ነው።

ከድሜጥሮስ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ የኖረው ኒቆማኮስ ቁጥሮችን በአካፋዮቻቸው ድምር ፍጹም፣ ትርፍና ጎደሎ ብሎ መድቧል። በዚህ ምደባ የዐውደ ፀሐይ ቁጥር 28 ፍጹም ነው፤ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው 28 ይሆናሉና። 532 ደግሞ የፍጹም ቁጥር ብዜት ስለሆነ ትርፍ ነው፤ ድምሩ 588 ነው። 194,313 ግን ድምሩ 118,007 ብቻ ስለሆነ ጎደሎ ነው።

ይህን ሁሉ ያቀናጀው ድሜጥሮስ ራሱ ነውን? አውሳብዮስ እንደመዘገበው በ247 የተሾመው ዲዮናስዮስ ለፋሲካ የተጠቀመው የ8 ዓመት ዙር ነው፤ የ19 ዓመቱን ዙር ያቀረበው ከእርሱ በኋላ የተነሣው አናጦልዮስ ነው። የ532 ዓመቱ ዙር ደግሞ በ5ኛው ምእት ዓመት መባቻ ከኖረው መነኩሴ አንያኖስ ጋር ይያያዛል። ድሜጥሮስ ስለ ፋሲካ ስሌት ለጳጳሳት እንደ ጻፈ የሚተርከው ሰዒድ ኢብን ባጥሪቅ የ10ኛው ምእት ዓመት ሰው ነው። ስለዚህ ስሙ የትውፊቱ መነሻ፣ ቀመሩ ግን የብዙ ትውልድ ሥራ ነው ማለት ይቀላል።

ጉዳዩ ለብራና ተመራማሪም ይጠቅማል። አንዳንድ ጥንታውያን ጽሑፎች ዘመናቸውን የሚገልጹት በዐቢይ ቀመሩ ውስጥ ባለው ዓመት ብቻ ነው፤ ዙሩን የሳተ አንባቢ መጽሐፉን በ532 ዓመት ያስቀድመዋል ወይም ያዘገየዋል።