ሌላ ሰው እየመሰለ የኖረው ቻርሊ ቻፕሊን

በፒያሳም ይሁን በሀና ማርያም አንድ ሕፃን ክብ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ከዘራ እያወዛወዘና እግሮቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፈት እያደረገ ቢራመድ ማንን እንደሚያስመስል የማያውቅ አላፊ አግዳሚ ጥቂት ነው። አረማመዱን ለዓለም ያስተዋወቀው ቻርሊ ቻፕሊን ካረፈ ከአራት ዐሥርት ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። ይሁንና ከመቶ ዓመት በፊት የሠራቸው ድምፅ አልባ ፊልሞች ዛሬም ይታያሉ፤ ዛሬም ያስቃሉ።

የእነዚህ ፊልሞች ዋነኛ ጉዳዮች ፍቅር፣ ቅናትና አንዱን ሰው በሌላው መሳሳት ናቸው። በፊልሞቹ ውስጥ ድሀው በባለጸጋ፣ እስረኛው በቄስ፣ ፀጉር ቆራጩ በአምባገነን መሪ ይሳሳታል። ቻፕሊን ለሳቅ ያዋለው ይኸው ስህተት በራሱ ሕይወትም ደርሶበታል። ፍርድ ቤትና የደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ ማንነቱን ለመለየት ተቸግረው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በዓመተ ምሕረት ከተገለጸው አንድ ቀን በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻርለስ ስፔንሰር ቻፕሊን ኤፕሪል 16 ቀን 1889 በደቡብ ለንደን እንደተወለደ ይታመናል። ይሁን እንጂ ልደቱ የተመዘገበበት ሰነድ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አባቱም እናቱ ሀናም በለንደን የሙዚቃ አዳራሾች የሚዘፍኑ ባለሙያዎች ነበሩ። አባቱ ቤተሰቡን ትቶ የሄደው ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሲሆን፣ በ1901 በመጠጥ ሳቢያ በ38 ዓመቱ ሕይወቱ አልፏል። እናቱ ድምፅዋን አጥታ ከመድረክ ከወረደች በኋላ ልብስ እየሰፋች ልጆቿን ለማሳደግ ብትጥርም በአእምሮ ሕመም ተይዛ ሆስፒታል ገባች።

በ1896 ቻፕሊን የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱና ከታላቅ ወንድሙ ሲድኒ ጋር በለንደን ላምቤዝ አካባቢ በሚገኝ የድሆች መጠለያ እንዲገባ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ ወንድማማቾቹ ከእናታቸው ተለይተው ለድሀ ልጆች ወደተቋቋመ ትምህርት ቤት ተላኩ። ረሀብን፣ የተቀደደ ጫማንና የፖሊስን ፍራቻ በፊልሞቹ ለማሳየት ከሌላ ሰው መማር ያላስፈለገው ከዚህ የተነሣ ነው።

ወደ መድረክ የወጣው ገና ዐሥር ዓመት ገደማ ሳለ ከልጆች የጭፈራ ቡድን ጋር ነው። ከ1903 ጀምሮ በሼርሎክ ሆምስ ተውኔት የተላላኪ ልጅ ሆኖ ተጫወተ። በ1908 በዘመኑ ዝነኛ በነበረው የፍሬድ ካርኖ የአስቂኝ ተውኔት ቡድን ተቀጠረ፤ ከዚሁ ቡድን ጋርም በ1910 እና በ1912 ወደ አሜሪካ ተጓዘ። በ1913 ኪስቶን የተባለው የፊልም ኩባንያ በሳምንት 150 ዶላር እየከፈለ ሊያሠራው ተዋዋለ።

በዚያ ዘመን ፊልም ድምፅ አልነበረውም። ተዋንያኑ የሚናገሩት እጅግ አስፈላጊ ነገር ብቻ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ በትዕይንቶቹ መካከል ይቀርባል። በአዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ፒያኖ ይመታል፤ በትልልቅ አዳራሾች ደግሞ ኦርኬስትራ ያጅባል። ስለዚህ ታሪኩ በዓይን ብቻ የሚገባ መሆን ነበረበት። ሰው በሰው የመሳሳት ታሪክ ለዚህ ጥበብ የተመቸው ስህተቱ የዓይን ስህተት በመሆኑ ነው። ባለታሪኩ ኮቱን፣ ባርኔጣውን ወይም የመኪናውን በር ብቻ አይቶ ወይም ሰምቶ ይፈርዳል፤ ተመልካቹ ግን እውነቱን ያውቃል። ሳቁም ሐዘኑም የሚመነጩት በእነዚህ ሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት ነው።

ጽሑፎቹን ብቻ በሌላ ቋንቋ መተካት በቂ ስለነበረ ፊልሞቹ ከአገር ወደ አገር በቀላሉ ይሻገሩ ነበር። አዲስ የሆነው ጥበብ ግን በየደረሰበት ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። አዲስ አበባም ለሕዝብ ፊልም ማሳየት የጀመረውን ቤት የሰይጣን ቤት ብላ መሰየሟ ይታወሳል። ሰው በሌለበት ሰው መታየቱ ለብዙዎች እንግዳ ነበር።

ቻፕሊን በኋላ የታወቀበትን ገጸ ባሕርይ ለሕዝብ ያሳየው በፌብሯሪ 1914 ነው። የሰፋ ሱሪ፣ የጠበበ ኮት፣ ትንሽ ባርኔጣ፣ ትልቅ ጫማ፣ አጭር ሪዝና ከዘራ የዚህ ቤት አልባ ተንከራታች መለያዎች ሆኑ። አለባበሱ በራሱ ሁለት ሰው ነው። ባርኔጣውና ከዘራው የጨዋ ሰው፣ ሱሪውና ጫማው የድሀ ናቸው። ተመልካቹ ከእግሩ ሲጀምር አንድ ሰው፣ ከራሱ ሲጀምር ሌላ ሰው ያያል።

ዕድገቱ እጅግ ፈጣን ነበር። በ1915 ሌላ ኩባንያ በሳምንት 1 ሺህ 250 ዶላር ከፈለው። በ1916 ደግሞ የዓመት ገቢውን 670 ሺህ ዶላር የሚያደርስ ውል ፈረመ፤ ያኔ ዕድሜው 26 ዓመት ነበር። በ1919 ከሜሪ ፒክፎርድ፣ ከዳግላስ ፌርባንክስና ከዳይሬክተሩ ዴቪድ ዋርክ ግሪፊዝ ጋር ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። በኋላ የሠራቸው ፊልሞች ደራሲ፣ ዳይሬክተርና መሪ ተዋናይ በአብዛኛው ራሱ ነው።

በ1921 በሠራውና ሥራ ፈት ባለጸጎችን በሚተቸው ፊልም ቻፕሊን ሁለት ሰዎችን ሆኖ ይጫወታል። አንዱ ተንከራታቹ ሲሆን ሌላው ሰካራሙ ባለጸጋ ባል ነው። ተንከራታቹ ሰዎች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው ወደሚጨፍሩበት ግብዣ በአጋጣሚ ይገባል። የባለጸጋው ሚስት ባሏ የድሀ ልብስ ለብሶ የመጣ መስሏት ትቀበለዋለች። ባልየው በበኩሉ የብረት ጥሩርና ቁር ለብሶ የፊት መከለያው አልከፈት ስላለው ፊቱ ተሸፍኗል። ሚስቱን ከሌላ ሰው ጋር ሲያይ በቅናት ይነዳል፤ ማንነቱን ማሳየት ግን አይችልም። በ1923 በወጣው ሌላ ፊልም ደግሞ ከእስር ቤት ያመለጠ ሰው የካህን ልብስ ሰርቆ ይለብሳል። አዲስ ቄስ ይጠባበቅ የነበረው የአንዲት ትንሽ ከተማ ምእመንም በደስታ ተቀብሎ ወደ መድረክ ያወጣዋል።

በ1925 በወጣው የወርቅ ፍለጋ ታሪክ ተንከራታቹ ለሌላ ሰው የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ ይደርሰዋል። የተጻፈለት መስሎት በደስታ የሚሆነውን ያጣል። በ1928 የቀረበው የሰርከስ ታሪክ ሦስቱንም ጉዳዮች በአንድነት ይዟል። ተንከራታቹ በሌባ ተሳስቶ ከፖሊስ ሲሸሽ ሰርከስ ውስጥ ይገባል። በዚያም ፈረስ ጋላቢዋን ወጣት ያፈቅራል። አንዲት ጠንቋይ ለወጣቷ የወደፊት ባሏ በቅርብ እንዳለ ስትነግራት በድብቅ ሰምቶ እርሱን ያለች ይመስለዋል። ሰውየው ግን በተወጠረ ገመድ ላይ የሚራመደው ባለሙያ ነበር። አንዱን ምስል በሌላው ላይ በመደረብ የካሜራ ዘዴ፣ ቅናት ያቃጠለው ሌላኛው ቻፕሊን ከአካሉ ወጥቶ ባላንጣውን ሲመታ ይታያል። እውነተኛው ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ የራሱን ቀለበት ለባላንጣው ሰጥቶ ሁለቱን ያጋባቸዋል፤ ሰርከሱም ጥሎት ይሄዳል።

በ1927 ድምፅ ያለው ፊልም መጥቶ አብዛኞቹ ኩባንያዎች ወደዚያው ሲዞሩ ቻፕሊን በድምፅ አልባው ጸና። በ1931 ያቀረበው የከተማ መብራቶች ፊልም የሙዚቃ ድርሰት የራሱ ሲሆን፣ ንግግር ግን የለበትም። ችግር የገጠመው ሙሉ ታሪኩ በቆመበት አንድ ትዕይንት ላይ ነው። ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ድሀውን ሰው ባለጸጋ ነው ብላ ማመን አለባት። ይህንን ያለ ድምፅ ለማሳየት ቻፕሊን ትዕይንቱን ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ቀርጾታል። የመጣለት መፍትሔ ቀላል ነበር። ተንከራታቹ ፖሊስ ሽሽት በቆመ ውድ መኪና ውስጥ አቋርጦ ይወጣል፤ ልጅቱም የበሩን መዘጋት ሰምታ የመኪናው ባለቤት ነው ትላለች።

ድሀው የልጅቱን ዓይን ለማሳከም የሚያስፈልገውን ገንዘብ ያገኛል፤ በዚሁ ምክንያትም ይታሰራል። ሲፈታ ልጅቱ ዓይኗ በርቶ የራሷን ሱቅ ከፍታለች። ለማኝ መስሏት አበባና ሳንቲም ልትሰጠው ስትወጣ እጁን ትነካለች፤ ያን ጊዜ ማንነቱን ታውቃለች። ማየት ከቻለች በኋላም ያወቀችው በዓይኗ ሳይሆን በመዳሰስ ነው።

ቻፕሊን ይህንኑ የመሳሳት ታሪክ በ1940 ለፖለቲካ አዋለው። ከሂትለር በአራት ቀን የሚበልጠውና ተመሳሳይ ሪዝ የነበረው ቻፕሊን፣ ታላቁ አምባገነን በተሰኘው የመጀመሪያው ሙሉ ንግግር ያለው ፊልሙ አይሁዳዊውን ፀጉር ቆራጭም አምባገነኑንም ሆኖ ተጫወተ። ሙሶሊኒን በሚመስለው ናፓሎኒ በተባለ ገጸ ባሕርይም በግልጽ ተሳለቀ። ፊልሙ ኦክቶበር 15 ቀን 1940 በኒውዮርክ ሲመረቅ አዲስ አበባ አሁንም በፋሽስት ኢጣሊያ እጅ ነበረች። በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ ግፍ የፈጸመው ሥርዓት መሪ በዓለም ፊት መሳቂያ ከሆነ ሰባት ወር ሳይሞላው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ መዲናቸው ተመልሰው ገቡ። ፀጉር ቆራጩ የሚወዳት ልጅ ስም እንደ ቻፕሊን እናት ሁሉ ሀና ነው።

ከዚህ በኋላ በሌላ መመሰሉ ወደ ራሱ ሕይወት ተሻገረ። በ1943 አንዲት ወጣት ተዋናይት የልጄ አባት እርሱ ነው ስትል ከሰሰችው። የደም ምርመራው አባት ሊሆን እንደማይችል ቢያሳይም በወቅቱ የካሊፎርኒያ ሕግ ምርመራውን እንደ መጨረሻ ማስረጃ አይቀበለውም ነበር። በ1945 ፍርድ ቤት አባት ነው ብሎ ቀለብ እንዲከፍል ወሰነ። ግዛቲቱ ሕጉን ያሻሻለችው በ1953 ነው። ሦስት ትዳሮቹ በፍቺ ያበቁት ቻፕሊን በ1943 ኡና ኦኒልን አግብቶ ስምንት ልጆች አፍርቷል፤ ይህ ትዳር እስከ ዕለተ ሞቱ ዘልቋል።

የአሜሪካ ዜግነት አለመውሰዱና የፖለቲካ አመለካከቱ ደግሞ ኮሚኒስት ነው የሚል ጥርጣሬ አስነሣበት። በሴፕቴምበር 1952 ከቤተሰቡ ጋር በመርከብ ወደ ለንደን ሲጓዝ የአሜሪካ መንግሥት ተመልሶ የመግባት ፈቃዱን ሰረዘ። በአሜሪካ ጥያቄ የብሪታንያ የደኅንነት መሥሪያ ቤት የትውልድ ማስረጃውን ቢፈልግ አላገኘም። መሥሪያ ቤቱ ቻፕሊን ለጸጥታ የሚያሰጋ ሰው አይደለም የሚል ድምዳሜ ላይ እንደደረሰ የታወቀው ሰነዶቹ በ2012 ለሕዝብ ይፋ ሲሆኑ ነው።

ቻፕሊን ከ1953 ጀምሮ መኖሪያውን በስዊዘርላንድ ቬቬ ከተማ አቅራቢያ አደረገ። ወደ አሜሪካ የተመለሰው ከ20 ዓመት በኋላ በ1972 የክብር ኦስካር ሊቀበል ነው፤ ታዳሚውም ከመቀመጫው ተነሥቶ ለረጅም ደቂቃዎች አጨበጨበለት። በ1975 የብሪታንያ ንግሥት ሰር የሚል ማዕረግ ሰጠችው። ዲሴምበር 25 ቀን 1977 በ88 ዓመቱ አረፈ።

በማርች 1978 ሁለት ሰዎች ገንዘብ ለመጠየቅ አስከሬኑን ከነሣጥኑ ሰርቀው ሲወስዱ ሞቶም አላረፈም ተባለ። በሜይ ወር ተገኝቶ ዳግም ተቀበረ። የት እንደተወለደ የሚያስረዳ ወረቀት በሁለት አህጉር ተፈልጎ ያልተገኘለትን ይህን ሰው፣ ማንበብ ያልቻለ ሕፃን እንኳ በአረማመዱ ብቻ ለይቶ ያውቀዋል።