ልብስ ሰፊው የምክር ቤት አባል
ዊልያም ፊንች (1832 – 1911 እ.ኤ.አ.)

በፓይን ሌክና በአካባቢው የምንኖር ወላጆች ልጆቻችንን በየጠዋቱ አውቶቡስ ላይ ስናሳፍር፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ ለሁሉም ክፍት የነበረ ይመስለናል። በጎረቤታችን በአትላንታ ግን ይህ በር ለጥቁር ሕፃናት እንዲከፈት ከደከሙት ሰዎች አንዱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በዚህ የአሥረኛ ዓመት መጽሔታችን የሕይወት ታሪካቸውን ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዊልያም ፊንች በ1832 ጆርጂያ ውስጥ ዋሽንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ በባርነት ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ አቴንስ ተወስደው በጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ በጆሴፍ ላምፕኪን ቤት ኖሩ፤ የልብስ ስፌት ሙያም ተማሩ። በዚያን ዘመን በጆርጂያ ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር። ፊንች ኋላ ለትምህርት ያን ያህል መቆርቆራቸው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ባርነት ከቀረ በኋላ በ1866 ወደ ኦገስታ፣ በ1868 ደግሞ ወደ አትላንታ ሄዱ። ይህ ዓመት አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያለፉበት ነው። በአትላንታ በመርፌያቸው እየኖሩ በአፍሪካ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ ነበር።

በ1870 ከከተማው 22 ሺህ ያህል ነዋሪ ግማሽ የሚጠጋው ጥቁር ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተደረገው ምርጫ እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱን ተወካይ ስለመረጠ፣ ፊንች ከአራተኛው ቀበሌ፣ ጆርጅ ግሬሃም ከሦስተኛው ተመረጡ። በአትላንታ ምክር ቤት የተቀመጡ የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች እነርሱ ናቸው።

የሥራ ዘመናቸው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ፊንች በጥቁሮች ሰፈር መንገድ እንዲሠራ ጠየቁ፤ ዋናው ትግላቸው ግን ትምህርት ቤት ነበር። ከተማው የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን ለመክፈት በመዘጋጀት ላይ ስለነበር፣ ጥቁር ሕፃናት ከዕቅዱ እንዳይቀሩ አጥብቀው ተከራከሩ። በሰሜን ሰዎች የበጎ አድራጎት ማኅበራት የተቋቋሙት ስቶርስና ሰመር ሂል የተባሉት ትምህርት ቤቶች በከተማው ሥር እንዲገቡ አስደረጉ። ለጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲኖር ያነሡት ጥያቄ ግን ተቀባይነት አላገኘም።

በ1871 መጨረሻ ፊንች እንደገና ተወዳደሩ። ነገር ግን የጆርጂያ ሕግ አውጪዎች የምርጫውን ሕግ ቀይረው፣ ተወካዩን የቀበሌው ሰው ብቻ ሳይሆን መላው ከተማ እንዲመርጥ አድርገው ነበር። የአራተኛው ቀበሌ ድምፅ በከተማው ድምፅ ተዋጠና ፊንች ተሸነፉ። ማንም ድምፅ እንዳይሰጥ አልተከለከለም፤ የተለወጠው የአቆጣጠሩ ዘዴ ብቻ ነው። በማኅበራችን ስብሰባ ስለ ምርጫ ደንብ ሲነሣ እንቅልፍ የሚወስደን ሁሉ ይህን ብናስታውስ አይከፋም። ከዚያ በኋላ አንድ ጥቁር በዚያ ምክር ቤት እስኪመረጥ ድረስ 94 ዓመት ያህል አለፈ፤ እርሱም በ1965 የተመረጡት ኪው. ቪ. ዊልያምሰን ናቸው።

ፊንች በ1879 ዳግመኛ ተወዳድረው አልቀናቸውም። በስፌታቸውና በስብከታቸው ቀጥለው በ1911 አረፉ። የጠየቁት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ተብሎ፣ በአትላንታ የተከፈተው በ1924 ነው።