ፍሪትዝ ዝዊኪ

ፍሪትዝ ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1898 ቫርና በምትባል የቡልጋሪያ የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ነበር። ስድስት ዓመት ሲሞላው ንግድ እንዲማር ወደ አባቱ አገር ተልኮ በአያቶቹ ዘንድ አደገ። ልቡ ግን ወደ ሒሳብና ወደ ፊዚክስ ስላዘነበለ በዙሪክ ከተማ ከፍተኛ ትምህርቱን ተከታትሎ በ1922 የዶክትርና ማዕርግ ተቀበለ። በ1925 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሥራ ጀመረ።

ዝዊኪን ለዝና ያበቃው በ1933 ያሳተመው ጥናት ነው። ጋላክሲ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት ስብስብ ሲሆን፣ ኮማ የተባለው ክምችት ደግሞ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ጋላክሲዎችን ይይዛል። ከእኛ የሚርቅ ጋላክሲ ብርሃኑ ወደ ቀይ ስለሚያዘነብል የቅላቱ መጠን ፍጥነቱን ይገልጻል። ዝዊኪ በዚህ ዘዴ የተለኩትን የኮማ ጋላክሲዎች ፍጥነቶች ሲያነጻጽር፣ በመካከላቸው በሰከንድ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚደርስ ልዩነት እንዳለ ተመለከተ። ይህን ያህል የሚፈጥኑ አካላት ሳይበታተኑ አብረው እንዲኖሩ ብርቱ የስበት ኃይል ያስፈልጋቸዋል፤ ስበት ደግሞ የሚመነጨው ከቁስ አካል ነው። ይሁን እንጂ ከብርሃናቸው የተገመተው የከዋክብቱ ክብደት ለዚህ ፈጽሞ የሚበቃ አልነበረም። በእርሱ ስሌት ከሚታየው 400 እጥፍ የሚሆን ቁስ አካል ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ በዓይንም ሆነ በቴሌስኮፕ የማይታይ ቁስ አካል አለ ሲል ደመደመ፤ ጨለማ ቁስ ብሎም ጠራው።

ይህ ሐሳብ ለብዙ ዓመታት ሰሚ አላገኘም። ዝዊኪ ቍጡና ተከራካሪ ስለ ነበረ ከባልደረቦቹ ብዙዎቹ ይርቁት ነበር። ሆኖም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጦርነቱ ለወደሙ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት እያሰባሰበ የሚልክ ለጋስ ሰው ነበር። በሥራውም ቢሆን ተስፋ አልቆረጠም። በ1937 ሌላ የመለኪያ ዘዴ አቀረበ፤ ይኸውም የጋላክሲ ስበት ከበስተጀርባው የሚመጣውን ብርሃን ስለሚያጎብጥ፣ ከጉብጠቱ የማይታየውን ክብደት ማወቅ ይቻላል የሚል ነበር። ከዚህም ሌላ ከ100 በላይ የፈነዱ ከዋክብትን አግኝቷል። በ1972 የብሪታንያ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው።

ዝዊኪ በ1974 ሞተ። በእነዚያው ዓመታት አሜሪካዊቷ ቬራ ሩቢንና ባልደረቦቿ በየጋላክሲው ውስጥ የከዋክብትንና የጋዝን ዙረት ሲለኩ፣ በዳር ያሉት በመካከል ካሉት ባላነሰ ፍጥነት እንደሚዞሩ ተገነዘቡ። የሚታየው ቁስ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዳሮቹ ፍጥነት ዝቅ ማለት ነበረበት። ከዚህም የተነሣ የተረሳው የኮማ ጥናት እንደገና ይነበብ ጀመር። በ1979 ደግሞ በጋላክሲ ስበት የጎበጠ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ዛሬ ሊቃውንት በዚሁ ዘዴ የጨለማ ቁስን ካርታ ይሥላሉ።

በ1933 የጋላክሲዎች ርቀት ከእውነተኛው አንሶ ይገመት ስለ ነበር 400 የሚለው ቍጥር የተጋነነ ነበር። ቍጥሩ ቢታረምም ሐሳቡ ግን ጸንቷል፤ በዓለመ ኅዋ ካለው ቁስ ከስድስቱ አምስት እጅ ያህሉ ጨለማ ቁስ መሆኑ ዛሬ ይታመናል። ምንነቱ ግን ገና አልታወቀም፤ ዝዊኪ የከፈተው ጥያቄ መልስ የሚሰጠውን ተመራማሪ ይጠብቃል።