የመንግሥትን ሒሳብ ለሕዝብ የገለጡት ሙሴ ኔኬር

ሙሴ ዣክ ኔኬር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1732 ዓ.ም. በጄኔቭ ከተማ ተወለዱ። ገና በወጣትነታቸው ወደ ፓሪስ ሄደው በባንክ ሥራ ብዙ ሀብት አገኙ። ንጉሡ ሉዊ 16ኛ በ1777 የፈረንሳይን ገንዘብ አስተዳደር በአደራ ሰጧቸው፤ ነገር ግን ፕሮቴስታንት ስለ ነበሩ ዋናውን የሹመት ማዕርግ አላገኙም።

ፈረንሳይ አሜሪካኖችን ረድታ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ፣ ሙሴ ኔኬር አዲስ ግብር ከመጣል ይልቅ ወጪውን በብድር ሸፈኑ። በ1781 ደግሞ ምሥጢር ሆኖ የኖረውን የመንግሥት ገቢና ወጪ አሳትመው አወጡ፤ ሕዝቡም መጽሐፉን እየተሻማ ገዛው። መጽሐፉ ገቢው ከወጪው በ10 ሚሊዮን ሊቭር እንደሚበልጥ ያሳያል። ዳሩ ግን የጦርነቱ ልዩ ወጪ አልተቈጠረበትም። አበዳሪዎች ተማመኑ፤ ዕዳው ግን አደገ። እርሳቸውም በዚያው ዓመት ሥራቸውን ለቀቁ።

በ1788 ግምጃ ቤቱ ባዶ ሲሆን ንጉሡ መልሰው ጠሯቸው። በጁላይ 11 ቀን 1789 ቢያሰናብቷቸው ሕዝቡ ተቈጣ፤ በሦስተኛውም ቀን የባስቲልን ወኅኒ ቤት ያዘ። ሙሴ ኔኬር እንደ ገና ቢሾሙም በ1790 ለቀው ሄዱ፤ በ1804 ዐረፉ።

ከሕይወታቸው የምንማረው ይህ ነው፦ ሒሳብን መግለጥ ለመንግሥት መታመንን ያስገኛል፤ ግማሹን ብቻ መግለጥ ግን ዕዳን ይሸፍናል እንጂ አይከፍልም።