ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ፤ በረኃብ ዘመን የተገኘ አባት

ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ በአንደበት ሲነገር ለሁሉ ቀሊል ነው፤ ነገሩ ከአንደበት ወርዶ ወደ ጐተራውና ወደ መሶቡ በደረሰ ጊዜ ግን ብዙ ሰው ወደ ኋላ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ይህን የሰውን ድካም ስለምታውቅ ትእዛዙን ብቻ አስተምራ አትተወንም፤ ትእዛዙን በሥራ ፈጽመው ያለፉትን አባቶች ሕይወት እያነሣች፣ ሥጋ ለለበሰ ሰው ይህን ማድረግ የሚቻል መሆኑን ታሳየናለች። ስለዚህ እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ከእነዚህ አባቶች አንዱን፣ የቂሣርያውን ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስን እናነሣለን።

ይህ አባት ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል፤ ቃሉ በሃይማኖተ አበው ይነበባል፤ ዕረፍቱም ጥር 6 ቀን፣ ከጌታችን በዓለ ግዝረት ጋር፣ ይታሰባል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ድርሰቱንና ከአርዮሳውያን ጋር ያደረገውን ክርክር ነው። በረኃብ ዘመን በእጁ የሠራውን እምብዛም አንናገረውም። የቃሉ ኃይል ከእጁ ሥራ ጋር የተሳሰረ ነውና ሁለቱን መለየት አይገባም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ባስልዮስ በ330 ዓ.ም. ገደማ፣ ዛሬ የቱርክ ግዛት በሆነችው በታናሽ እስያ ተወለደ። ቤተ ሰቦቹ በጳንጦስና በቀጰዶቅያ ሰፊ ርስት የነበራቸው ባለጸጎች ነበሩ፤ ነገር ግን ከሀብታቸው ይልቅ እምነታቸው ይበልጥ ነበር። የአባቱ እናት ማቅሪና በስደት ዘመን ከባሏ ጋር ሰባት ዓመት ያህል በጳንጦስ ደን ተሸሽጋ ኖራለች። ሕፃኑ ባስልዮስም የሃይማኖትን ነገር አስቀድሞ የሰማው ከዚህች አሮጊት አፍ ነው። ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ መካከል ታናሿ ማቅሪና፣ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስና የሰብስጥያው ጴጥሮስ በቅድስና የታወቁ ናቸው። ነውቅራጥዮስ የሚባለው ሌላው ወንድሙም የንግግር ችሎታውንና የዓለምን ተስፋ ትቶ፣ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ በደን ተቀምጦ፣ በአደን የሚያገኘውን ለደከሙ አረጋውያን ድኾች ያበላ ነበር። ስለዚህ ምጽዋት ለባስልዮስ ከመጽሐፍ ብቻ የተማረው ነገር አልነበረም፤ በቤቱ ያየው ልማድ ነበር።

ወጣቱ ባስልዮስ በቂሣርያና በቍስጥንጥንያ ከተማረ በኋላ ወደ አቴና ተሻገረ። በዚያም ከጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ጋር እስከ ሞት ያልተቋረጠ ወዳጅነት መሠረተ። ኋላ ሃይማኖቱን ክዶ የነገሠው ዮልያኖስም በ355 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ይማር ነበር። ከአንድ የትምህርት ከተማ ሁለት ዓይነት ፍሬ መውጣቱ ያስደንቃል። ይሁን እንጂ ዮልያኖስ ራሱ በነገሠ ጊዜ፣ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድኾች ብቻ ሳይሆን የአሕዛብንም ድኾች እንደሚመግቡ አይቶ፣ የጣዖት ካህናቱ እነርሱን መስለው የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠሩ አዝዞ ጽፏል። ከጠላት አፍ የወጣ ምስክርነት ስለሆነ ይህ ነገር በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ባስልዮስ በ356 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገሩ ተመልሶ የንግግር ጥበብ ማስተማር በጀመረ ጊዜ፣ ምስጋና በዝቶለት ልቡ ታብዮ ነበር። እኅቱ ማቅሪና ግን አላፈረችበትም፤ አልፈራችውምም። ትዕቢቱን በግልጥ ነግራ ወደ ትሕትና መንገድ መለሰችው። ከዚህም በኋላ ተጠምቆ፣ የመነኰሳትን ኑሮ ለማየት ወደ ግብፅ፣ ወደ ፍልስጥኤም፣ ወደ ሶርያና ወደ መስጴጦምያ ተጓዘ። ተመልሶም በጳንጦስ በኢሪስ ወንዝ ዳር በምናኔ ተቀመጠ።

በዚያ ሳለ ለመነኰሳት የጻፈው ሥርዐት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። መነኰሳት በማኅበር ቢኖሩ ይሻላል ብሎ ያስተማረበት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባል። ብቻውን የሚኖር ሰው ትሕትናውን የሚፈትንበት፣ እግሩን የሚያጥብለት፣ ሲታመም የሚያስታምመው ወንድም የለውም፤ ፍቅር ደግሞ ያለ ባልንጀራ አትፈጸምም። መነኵሴ የእጅ ሥራ መሥራት የሚገባውም ለራሱ ምግብ ብቻ አለመሆኑን፣ ለተቸገረ የሚሰጠው እንዲኖረው መሆኑን አስተምሯል።

ከዚህ በኋላ በቂሣርያ ቅስና ተሾመ። ከሊቀ ጳጳሱ ከአውሳብዮስ ጋር በመካከላቸው ቅሬታ በተነሣ ጊዜ ወገን ለይቶ ቤተ ክርስቲያንን ከመክፈል ይልቅ ወደ ገዳሙ ሸሸ። አርዮሳዊው ንጉሥ ዋልንስ ቤተ ክርስቲያንን ሊያውክ መነሣቱን በሰማ ጊዜ ግን፣ በ365 ዓ.ም. ከሊቀ ጳጳሱ ጋር ታርቆ ወደ ቂሣርያ ተመለሰ።

በ368 እና በ369 ዓ.ም. በቀጰዶቅያ ታላቅ ረኃብ ሆነ። ክረምቱ ያለ በረዶ፣ ጸደዩም ያለ ዝናም አለፈ። ምድር ተሰነጠቀች፣ ምንጮች ደረቁ። ቂሣርያ ከባሕር የራቀች ደጋ አገር ናት። በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች እህል ሲያጡ ከሌላ አገር በመርከብ ያስመጣሉ፤ ቂሣርያ ግን ያላትን ትርፍ ለመሸጥም ሆነ የጐደላትን ለማምጣት የሚቀላት መንገድ አልነበራትም። በዚህ ላይ በጐተራቸው እህል የነበራቸው ባለጸጎችና ነጋዴዎች ዋጋው ገና ይወጣል ብለው በራቸውን ዘጉ። እንግዲህ ሕዝቡ በሁለት መዝጊያ መካከል ቀረ፤ ሰማይ ዝናምን ዘጋ፣ ሰው ደግሞ ጐተራን ዘጋ።

ባስልዮስ ሰማይን ለመክፈት ጸሎት እንዲደረግ አዘዘ። ነገር ግን ወደ ጸሎቱ የመጡት ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ሕፃናት ሆነው፣ በደሉን የሠሩት ዐዋቂዎች በየንግዳቸው ላይ መሆናቸውን አይቶ ገሠጻቸው። ከዚያም ሁለተኛውን መዝጊያ ለመክፈት ተነሣ። በሉቃስ ወንጌል እርሻው ስለ በጀለት፣ ጐተራውንም አፍርሶ ሊያሰፋ ስላሰበው ባለጸጋ እየተረጐመ በብርቱ ሰበከ። ትርፍ ሀብት ለባለቤቱ የተሰጠው እንዲያካፍለው በአደራ መሆኑን፣ ተቈልፎ የሚሻግተው እህል የራብተኛው፣ በሣጥን ብል የሚበላው ልብስም የዕራቁቱ ድርሻ መሆኑን አስረዳ። ለልጆቼ ነው የማስቀምጠው የሚለውን ምክንያት አንሥቶ፣ የልጆቹ አባት እግዚአብሔር መሆኑን የዘነጋ ሰው እንዴት እንደሚስት አሳየ።

በዚያም ስብከት ውስጥ ሰሚውን ሁሉ ያስለቀሰ አንድ ነገር ነበረ። ረኃብ የጸናበት አባት የቀሩትን ለማትረፍ ከልጆቹ አንዱን ሊሸጥ ይወስናል። ታላቁን ቢል የበኵር ነው፤ ታናሹን ቢል የሚያሳዝን ሕፃን ነው፤ አንዱ መልኩ የወላጆቹን ይመስላል፣ ሌላው ለትምህርት የተመቸ ነው። አባት በዚህ መከራ ሲታመስ፣ እህል ሻጩ ግን ስለ ሚዛኑ ይከራከራል። ባስልዮስ ይህን የተናገረው ለጨዋታ ማሳመሪያ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ልጅን መሸጥ በገበያ የሚታይ ነገር ነበር። ከፊቱ የተቀመጡት ሰዎችም ሻጮቹ ራሳቸው ነበሩ። ለድኾችም ቢሆን ቃሉን አላሳጠረም። ከድኻ የባሰ ድኻ እንዳለ አስታውሶ፣ የሰራጵታዪቱን መበለት ምሳሌ አድርጎ፣ አንድ እንጀራ ብቻ የቀረው ሰው እንኳ በደጁ የቆመውን እንዳይዘነጋ አስተማረ። ምጽዋት የባለጸጋ ብቻ ሥራ ከሆነች ድኻው ከጽድቅ ይጐድላልና።

የስብከቱ ፍሬም ታየ፤ የተዘጉ ጐተራዎች ተከፈቱ። ባስልዮስ ግን ሌላውን ስጥ ብሎ እርሱ የሚቀመጥ አልነበረም። ከወላጆቹ የወረሰውን ርስት ለድኾች ሸጦ ነበር። ራብተኞችን፣ ወንዶችንና ሴቶችን፣ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን በአንድ ስፍራ ሰበሰበ፤ ጥራጥሬና በጨው የተጠበቀ ሥጋ የሚቀቀልበት ድስት አስጣደ፤ ሽርጥ ታጥቆም ከአገልጋዮቹ ጋር ራሱ ያድልና እግራቸውን ያጥብ ነበር። ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ እንደ መሰከረው፣ የአይሁድ ልጆች ከክርስቲያኖቹ ልጆች ጋር እኩል እንዲካፈሉ አደረገ። በድስቱ ዙሪያ የጠየቀው ራቡን እንጂ ዘሩንና ሃይማኖቱን አልነበረም።

በ370 ዓ.ም. አውሳብዮስ ባረፈ ጊዜ ባስልዮስ በቂሣርያ መንበር ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ረኃብ አልፏል ብሎ እጁን አላጠፈም። ረኃብ ያልፋል፤ ድኽነትና ደዌ ግን አያልፉም። ስለዚህ ከከተማዪቱ ውጭ ታላቅ የርኅራኄ ስፍራ አሠራ። በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያው የእንግዶች ማረፊያ፣ የሕሙማን ቤት፣ የሐኪሞችና የአስታማሚዎች መኖሪያ፣ የጭነት ከብቶች በረት፣ እንዲሁም ልዩ ልዩ የእጅ ሥራ የሚሠራባቸው ቤቶች ነበሩ። ኋላም በስሙ ባሲልያስ ተብሎ ተጠራ፤ ወዳጁ ጎርጎርዮስም በስፋቱ እንደ ሌላ ከተማ ቈጥሮታል። ይህ ሥራ ያለ ሐሜት አልተፈጸመም። አንዳንዶች በአገሩ ገዥ በኤልያስ ዘንድ ስለ ከሰሱት፣ የሚሠራው ለአገሩ ጥቅም እንጂ ለማንም ጉዳት አለመሆኑን በደብዳቤ ዘርዝሮ ማስረዳት ግድ ሆነበት።

በዚያ ስፍራ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ለምጻሞችን መቀበሉ ነበር። በዚያ ዘመን ለምጻም ከወላጆቹ እንኳ ተለይቶ፣ ከከተማና ከምንጭ ተባርሮ ይኖር ነበር። ባስልዮስ ከትልቅ ቤት የተወለደ፣ በትምህርቱም የከበረ ሲሆን፣ አቅፎ እየሳማቸው ቍስላቸውን ያክም ነበር። ሌሎችም ይህን አይተው መጸየፍን ተዉ።

ይህ ሁሉ ትዕግሥትና ርኅራኄ በኃያላን ፊት ደካማ አላደረገውም። ንጉሥ ዋልንስ ወደ ቂሣርያ በቀረበ ጊዜ ሹሙን ሞዴስጦስን ልኮ፣ ወደ አርዮስ ክሕደት እንዲመለስ በመወረስ፣ በስደት፣ በግርፋትና በሞት አስፈራራው። ባስልዮስ ግን ከአሮጌ ልብሱና ከጥቂት መጻሕፍቱ በቀር የሚወረስ እንደሌለው መለሰለት። እንግዲህ ለድኾች መስጠቱ ለራሱም ነጻነት ሆነለት፤ የሚወሰድበት የሌለው ሰው በምን ይፈራል? ንጉሡም በ372 ዓ.ም. በበዓለ ጥምቀት ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የጸሎቱን ሥርዐት ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ በባስልዮስ እጅ ለሚረዱት ድኾችም መሬት እንደ ሰጠ የታሪክ ጸሐፊ ተናግሯል። ባስልዮስ በኋላ ለዚያው ላስፈራራው ለሞዴስጦስ ደብዳቤ ጽፎ፣ በጣውሮስ ተራራ ብረት በማውጣት የሚኖሩት ሰዎች ግብር እንዲቀልላቸው ለመነ። ስለ ራሱ ያልለመነውን ሰው ስለ ድኾች ለመነው።

አንዲት መበለትም የዳኛ ረዳት በግድ ሊያገባት ባሳደዳት ጊዜ ከመንበሩ ሥር ተጠጋች። ባስልዮስ አሳልፎ ስላልሰጣት የጳንጦስ ገዥ አስጠርቶ በግርፋት አስፈራራው። ይህን የሰማ የከተማው ሕዝብ፣ በንጉሥ መሣሪያ ቤትና በሽመና ቤት የሚሠሩት ሠራተኞች ጭምር፣ ያገኘውን ይዞ በገዥው ላይ ተነሣ። ባስልዮስ ግን ሕዝቡን አረጋግቶ የሚያሳድደውን ገዥ ከሞት አዳነው። ጠላትን መውደድ ይህ ነው።

ባስልዮስ ሰውነቱ በሕመም የደከመ ነበር። ገና ኀምሳ ዓመት ሳይሞላው በ379 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐረፈ። በቀብሩ ዕለት ክርስቲያኖች ብቻ ሳይሆኑ አይሁድና አረማውያንም አለቀሱ፤ ከሕዝቡም ብዛት የተነሣ በግፊያው የሞቱ ነበሩ።

እንግዲህ ወንድሞቻችን ካህናትና ምእመናን፣ ይህ ታሪክ ለማድነቅ ብቻ አልተጻፈም። እኛ በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሁሉ ያደግነው በምጽዋት ነው። አኩፋዳ ይዘን በየደጁ ስንቆም፣ ውሻ ሲያባርረን፣ ከራሷ ልጆች አፍ ቀንሳ ቍራሽ የሰጠችን ባላገር እናት ባትኖር ኖሮ ዛሬ ዜማውንም ትርጓሜውንም የሚያውቅ አይገኝም ነበር። የእርሷን እንጀራ በልተን የተማርነውን ቃል፣ ዛሬ ለሚራበው ልጇ በቃል ብቻ ብንመልስ ዕዳችን አልተከፈለም። አገራችንም ረኃብን በስም አታውቀውም ሊባል አይቻልም። ከ1888 እስከ 1892 ዓ.ም. የሆነውን ክፉ ቀን አያቶቻችን ነግረውናል፤ በ1973 በወሎ፣ በ1984 ዓ.ም. በትግራይና በወሎ የሆነውንም ብዙዎች በዓይናቸው አይተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ረኃብን የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ብሎ አልፎ መሄድ ይቀላል። ባስልዮስም ንስሐን ሰብኳል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የንስሐ ፍሬ የጐተራ በር መከፈት መሆኑን አሳየ።

ስለዚህ የሚሰብክ ካህን አስቀድሞ የራሱን ማድጋ ይመልከት። እህሉን ለዋጋ መውጫ ቀን የሚያቈይ ነጋዴ የገበያውን ወሬ ሲሰማ የደጁንም ልቅሶ ይስማ። ጥቂት ያለውም ከእርሱ ያነሰውን ይፈልግ። ለቅዱሱ የሚገባው መታሰቢያ ጥር 6 ቀን መዘከሩ ብቻ አይደለም፤ በዚያች ዕለት አንድ የተራበ ሰው ጠግቦ ቢያድር ነው።

የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ ለአብ፣ ለወልድ፣ ለመንፈስ ቅዱስ ምስጋና ይገባል፤ ለዘለዓለሙ አሜን።